ደጋን ላይ የሚገናኙ በጎች

ከደሴ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ባቲ የሚወስደው መንገድ ቁልቁል ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር፣ ባቲ ወደ 1,500 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛሉ፤ ደጋን በኮምቦልቻና በባቲ መካከል ነች። መንገደኛ ይህን ቁልቁለት የሚያውቀው ጋቢውን ሲያወልቅ ነው። እኔ የማውቀው በበጉ ነው። በዚህ አካባቢ በእንስሳት እርባታ ሙያ የሚሠራ ሰው፣ ሌላው ቢቀር፣ በግ አይቶ አገሩን መናገር ይጠበቅበታል።

ከላይ፣ ከደሴ ዙሪያ፣ ከለጋምቦና ከወረኢሉ የሚወርደው የወሎ በግ አነስ ያለ ነው። ላቱ አጭር ሆኖ ጫፉ ይቆለመማል። ከረጅሙ ጸጉሩ ሥር ሱፍ አለው፤ የደጋው ባና የሚሠራው ከዚሁ ነው። አውራው ቀንዳም ሲሆን ቀለሙ ጥቁር፣ ነጭ፣ ቡናማ ወይም ቡራቡሬ ይሆናል። ከታች፣ በባቲ የሰኞ ገበያ በኩል የሚወጣው የአፋር በግ ደግሞ ፈጽሞ ሌላ ነው። ቀንድ የለውም። ጆሮው ከሥሩ የተቆረጠ እስኪመስል አጭር ነው። ከአንገቱ ሥር ቆዳው ተንጠልጥሏል፤ ጸጉሩ አጭርና ለጥ ያለ፣ ቀለሙ በአብዛኛው ፈዘዝ ያለ ቡናማ ነው። ስቡን ከዳሌው ጀምሮ በሰፊ ላት ይሸከማል። የደጋው በግ ሱፉ ብርድ ይከላከልለታል። የቆላው በግ ስቡን አንድ ቦታ ስላከማቸ የቀረው ገላው ሙቀት ለማስወጣት አይቸገርም፤ ሣር በጠፋ ጊዜም ከዚያው ስብ እየበላ ይሰነብታል።

ደጋን ላይ ግን ብዙው በግ ከሁለቱ አንዱን ብቻ አይመስልም። ላቱ ከወሎው ሰፋ፣ ከአፋሩ ጠበብ ይላል። ጆሮው መካከለኛ ነው። ቀንድ ቢያወጣ እንኳ ጉጥ ሆኖ የሚቀር አለ። ሱፉ ሳስቶ ጸጉሩ ይበዛል። እንዲህ ያለውን በግ ይዘው ከሚቆሙት መካከል በንግዱ ያረጁ አንድ ሸህ በአንድ የገበያ ቀን ጠየቁኝ፦ «ዶክተር፣ ይሄ ንጹህ ዘር ነው ወይስ የተደባለቀ?»

«ሸሆች፣ ንጹህ የሚሉት የቱን ነው? እዚህ መንገድ ዳር ንጹህ ማግኘት ይከብዳል» አልኳቸው።

«አብሽር፣ እኔ ለገዥው የምለው እንዳላጣ ብዬ ነው እንጂ» ብለው ሳቁ።

የሸሁ ጥያቄ የቢሮም ጥያቄ ነው። «የአካባቢውን ዝርያ ለይታችሁ አቅርቡ፣ ጠብቁ» የሚል ዕቅድ በመጣ ቁጥር ሁላችንም መጀመሪያ የምንፈልገው ንጹሁን ነው። የወሎን በግ ከአፋሩ፣ የአፋሩን ከወሎው ለይተን ብናጥር ዝርያው የሚጠበቅ ይመስለናል። የዘረመል ጥናቱ የሚለው ግን ይህን አይደለም።

ከሩቁ ልጀምር። አፍሪካ ውስጥ የለማዳ በግ አባት ሊሆን የሚችል የዱር በግ የለም። በግ የተገራው ከ10 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በደቡብ ምዕራብ እስያ፣ ዛሬ ቱርክ፣ ሶሪያ፣ ኢራቅና ኢራን በሚባሉት አገሮች አካባቢ ነው፤ ቅድመ አያቱም ሙፍሎን የሚባለው የእስያ የዱር በግ ነው። ወደ አፍሪካ መጀመሪያ የገባው በሲናና በግብፅ በኩል የመጣው ቀጭን ጭራ ያለው በግ ነው፤ ከዚያ ወገን በአገራችን የሚታወቀው በምዕራብ ያለው የጉሙዝ በግ ነው። ላታሞቹ በጎች የገቡት ዘግይተው ሲሆን አንዱ በራቸው የአፍሪካ ቀንድ ነበር። እንግዲህ የወሎውም የአፋሩም ቅድመ አያቶች መጤዎች ናቸው፤ ልዩነታቸው በዘመናት ውስጥ አንዱ ብርዱን፣ ሌላው ሙቀቱን ለምዶ በመቅረቱ የመጣ ነው። ባቲን የመሰለ ገበያ፣ ጨው የጫነ ግመል፣ በድርቅ ወደ ላይ የሚወጣ አርብቶ አደር ባለበት ምድር ደግሞ በግ ከበግ መገናኘቱ የዛሬ ጉዳይ አይደለም።

የአገራችንን በጎች በዘረመል መርምሮ መልክ ያስያዘው ዋናው ሥራ ሰሎሞን ግዛውና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጡት ጥናት ነው። ሕዝቡ በ14 ስም የሚጠራቸውን በጎች መርምረው በ9 ዝርያ መደቧቸው። ለእኛ አገር ሰው አስገራሚው የምደባው ውጤት ነው። ሰቆጣ፣ ፋርጣ፣ ጥቁር፣ ወሎና መንዝ የምንላቸው አምስቱ በጎች ላተ አጭር በሚል በአንድ ዝርያ ሥር ገቡ። የአፋሩ ግን ለብቻው ቆመ። ስለዚህ የመንዝ ሰውና የወሎ ሰው በበጋቸው ሲፎካከሩ በዘረመል በኩል የሚፎካከሩት በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ነው፤ ሁለት ዝርያ ይገናኛል የሚባለው ደጋን ላይ፣ ከባቲ በላይ ነው።

ከዚህ የሚበልጠው ግን ሌላ ቁጥር ነው። በ14ቱ በጎች ላይ ከተገኘው ጠቅላላ የዘረመል ልዩነት ውስጥ በአንዱና በሌላው ዓይነት መካከል ያለው ከ5 በመቶ ያነሰ ነው። የቀረው ከ95 በመቶ በላይ የሚገኘው በአንድ ዓይነት በግ ውስጥ፣ በአንዱ ግለሰብ በግና በሌላው መካከል ነው። በሌላ አነጋገር፣ የወሎን በግ ከአፋሩ የሚለየው ነገር ጥቂት ሲሆን የእርስዎን በግ ከጎረቤትዎ በግ የሚለየው ብዙ ነው።

አምስቱ በመቶ ይናቃል ማለቴ አይደለም። ላት፣ ጆሮ፣ ቀንድ፣ ሱፍ፣ ዓይን የሚያያቸው ምልክቶች ሁሉ ከዚያ ውስጥ ናቸው፤ በግ ብርድ ወይም ሙቀት መቻሉም ከዚያ ውስጥ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በደብረ ብርሃን የዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ጣቢያ የመንዝንና የሆሮን በግ አንድ ላይ ሲያረቡ፣ ገላው ገዘፍ ካለው የሆሮ በግ ይልቅ የመንዝ ግልገሎች በተሻለ ሁኔታ ተርፈዋል። ከተወለዱበት የተለየ አየር ላይ የወደቁ በጎች የሚከፍሉት ይህን ነው። የአፋርን አውራ ደጋው ቦሩ ሜዳ ላይ አውጥቶ ማርባት የማልመክረውም ለዚሁ ነው።

ይሁን እንጂ ገበሬን «ጥሩ በግ ነው» የሚያሰኙት ጉዳዮች፣ ማለትም ግልገል ሲወለድ መክበዱ፣ ቶሎ ማደጉ፣ እናት ወተት አለመንሳቷ፣ በክረምት የሆድ ትል ሲበረታ አለመውደቁ፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ሦስት ጊዜ መውለዷ፣ በየበጉ ይለያያሉ። አንድ መንጋ ውስጥ አንዷ እናት ልጆቿን ሁሉ ታሳድጋለች፤ ሌላዋ በየዓመቱ ትቀብራለች። ዝርያ የሚሻሻለውም የሚበላሸውም ከዚህ ልዩነት ውስጥ በመምረጥ ነው። ይህ ልዩነት ከሌለ የሚመረጥ ነገር የለም።

ሀብቱ በየመንጋው የተበተነ ከሆነ የሚፈስሰውም በየመንጋው ነው፤ የሚፈስስበት ቀዳዳ ደግሞ አውራ በግ ነው። አንዲት እናት በግ በአንድ ወሊድ የምትሰጠው በአብዛኛው አንድ ግልገል ነው። አንድ አውራ ግን ከ25 እስከ 30 እናት በጎችን ያጠቃል፤ በዚያ ዓመት ለሚወለደው ግልገል ሁሉ ከዘሩ ግማሹን የሚያዋጣ እሱ ብቻ ነው። ሙያው ይህን የሚለካበት ቀላል ስሌት አለው። 30 እናት በጎችና አንድ አውራ ያሉበትን መንጋ ስናሰላው የዘሩ ስፋት ከ4 በግ አይበልጥም። 31 ራስ በግ በዓይን ቆጥረን በዘር በኩል ግን የምናገኘው አራት በግ ብቻ ነው። በእንዲህ ያለ መንጋ የሥጋ ዝምድና በአንድ ትውልድ ብቻ በ13 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አባት ልጁን ሲያጠቃ የግልገሉ የሥጋ ዝምድና መጠን 25 በመቶ ያህል ይሆናል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ልምሻ ግልገል፣ የተዛባ መንጋጋ፣ ያለ ምክንያት የሚቀር ጽንስ ለገበሬው «ዓይን በላው» ሆኖ ይታየዋል።

አሥር ቤተሰብ በአንድ ላይ 300 እናት በጎችንና 10 አውራዎችን ቢይዝ ግን ያው ስሌት ወደ 39 ከፍ ይላል። በጎቹ አልተጨመሩም፤ አያያዛቸው ብቻ ተለወጠ። ለረጅም ጊዜ የሚቆይ መንጋ ይህ ቁጥር ከ50 በታች እንዳይሆን በሙያው ይመከራል፤ ይህም አንድ ጎጥ ከአጠገቡ ጎጥ ጋር አውራ ከተለዋወጠ የሚደረስበት ነው።

ታዲያ አውራዎቹን ማን ይወስዳቸዋል? ገበያ። ደሴና ኮምቦልቻ የሁሉም ሃይማኖት ሰው በግ የሚገዛባቸው ከተሞች ናቸው፤ አረፋ፣ እንቁጣጣሽ፣ መስቀል፣ ገናና ፋሲካ እየተከታተሉ በግ ይጠራሉ። ቶሎ ያደገው ጠቦት ቶሎ ዋጋ ያወጣል፤ ገበያ የሚወጣውም እሱ ነው። በዓመቱ መጨረሻ መንጋው ውስጥ የሚቀረው ማንም ያልጠየቀው፣ ቀጫጫው፣ አንዳንዴም ቀለሙ ገዥ ያልሳበው ጥቁሩ ነው። ሳይመረጥ በመቅረቱ ለአውራነት የተመረጠ በግ ማለት ይህ ነው። ዕድገት ከአባት ወደ ልጅ የሚወረስ ጠባይ ስለሆነ የሚመጣው ግልገል ከዓመት ዓመት ትንሽ ትንሽ እየቀለለ ይሄዳል። ይህን ማንም አላቀደውም፤ ሆኖም ያለ ዕቅድ የሚካሄድ ምርጫም ምርጫ ነው፤ አቅጣጫው ወደ ታች መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ።

ገበሬውን «አላዋቂ» እያሉ መውቀስ ቀላል ነው። በየቤቱ የምሰማው ግን ስሌት ነው። የማዳበሪያ ዕዳ የሚከፈልበት ቀን አለ፤ ለልጅ ደብተርና ዩኒፎርም ይገዛል፤ ጠቦቱ ስድስት ወር ተጨማሪ ቢቆይ ሣሩ ከየት ይመጣል? ቢሞትስ? አውራ ማቆየት ጎረቤቱን ሁሉ ይጠቅማል፤ ወጪው ግን የአንድ ቤት ነው። በወል ግጦሽ ላይ የሰዉ መንጋ ስለሚደባለቅ የእሱ አውራ የሁሉንም በግ ያጠቃል፤ ሲሸጥ የሚቀረው ጥቅም ግን የእሱ ብቻ ነው። እንዲህ ባለ ሁኔታ የሚሸጥ ሰው ተሳስቷል አልልም።

መንግሥትና ፕሮጀክቶች ለዚህ ችግር ለረጅም ጊዜ የሰጡት መልስ ከውጭ አውራ ማምጣት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1944 ጀምሮ ሜሪኖ፣ ሮምኒ፣ ሃምፕሻየር፣ ኮሪዴል፣ አዋሲ እየተባሉ ሲገቡ ኖረዋል። አዋሲ ከሶሪያና ከዮርዳኖስ አካባቢ የተገኘ ላታም በግ በመሆኑ ከሌሎቹ ይልቅ ለደጋችን ተስማሚ መስሎ በደብረ ብርሃንና በመንዝ አመድ ጓያ የማባዣ ማዕከል ተዳቅሎ ተሰራጭቷል፤ ወደ ወሎ ደጋም ገብቷል። ገዘፍ ያለ ግልገል የሰጠባቸው ቤቶች አሉ። መኖ ባለበትና ባለቤቱ በሚከታተልበት ቤት ዲቃላው ይቀናዋል። ስርጭቱ ግን በአብዛኛው አንድ አውራ ሰጥቶ መሄድ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ዲቃላው ከዲቃላ፣ ከአባቱም ጋር ሲዳቀል ደሙ ምን ያህል እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። ኋላ ላይ የዘረመል ተመራማሪዎች በመንዝና በወሎ ዲቃላ በጎች ላይ የአዋሲን ደም መጠን በላቦራቶሪ መለካት ያስፈለጋቸውም በመዝገብ ስለማይታወቅ ነው።

ከሁሉም የሚደንቀኝ የዶርፐር ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ ዕርዳታ በሚደገፍ የበግና ፍየል ማሻሻያ ፕሮግራም ከደቡብ አፍሪካ ወደ አገራችን ገባ። ወደዚሁ ሰሜን ወሎ ስንመጣ የሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል ቱመሌ ከሚባለው የአካባቢው በግ ጋር አዳቅሎ ሞክሮታል። ዶርፐር የተፈጠረው ደቡብ አፍሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ እንግሊዛዊውን ዶርሴት ሆርን ከጥቁር ራስ ፋርስ በግ ጋር በማዳቀል ነው። «ፋርስ» ተብሎ በስህተት የተጠራው ይህ በግ ደግሞ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በመርከብ ወደ ደቡብ የተወሰደው የአፍሪካ ቀንድ በግ፣ የእኛው ጥቁር ራስ የሶማሌ በግ ዘመድ ነው። በውድ ዋጋ ገዝተን ያስገባነው አውራ ከዘሩ ግማሹ ከዚሁ ከእኛ ቀንድ የሄደ ነው። ደቡብ አፍሪካዎቹ በዚያ በግ ላይ የጨመሩት ተአምር የለም፤ መዝግበው መረጡ፣ ትውልድ ሲቆጠር ደግመው መረጡ። እኛ የሄደውን በግ መልሰን ገዛን፤ አመራረጡን ግን አልገዛንም።

ዶርፐር ለሥጋ ድንቅ ነው፤ ይህን አልክድም። ቀጭን ጭራ ያለው አውራ ሰፊ ላት ያላትን እናት ሲያጠቃ ግን እረኛው ላቷን ማንሳት እንዳለበት ሳይነገረው አውራውን የተረከበ ገበሬ ዓመቱን ሙሉ ባዶ እጁን ይቀራል። ለሣር እጥረት ያለው ትዕግሥትም የእኛን በግ ያህል አይደለም።

ሌላ መንገድ አለ፤ በአገራችንም ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2009 በአፋር፣ በቦንጋ፣ በሆሮና በመንዝ ማኅበረሰብ አቀፍ የበግ እርባታ የሚባለው ሥራ በዓለም አቀፍ የምርምር ተቋማትና በአገር ውስጥ ማዕከላት ትብብር ተጀመረ። አሠራሩ ውስብስብ አይደለም። መንደሩ ግልገሎቹን ሲወለዱ ይመዘግባል፤ ክብደት ይመዘናል። ወንዶቹ ስድስት ወር ገደማ ሲሆናቸው ይለያሉ፤ ዓመት ሲሞላቸው በሽማግሌዎችና በባለሙያ ፊት ዳግመኛ ይመረጣሉ። የተመረጠው አውራ ባለቤት ገበያ ላይ ሊያገኝ የሚችለው ዋጋ ከመንደሩ ተዘዋዋሪ ገንዘብ ይከፈለዋል። አውራው በቡድን ይያዛል፤ ጥቂት ጊዜ አገልግሎ ልጆቹን ከማጥቃቱ በፊት ወደ ሌላ ቡድን ይዛወራል። ያልተመረጡት ቡርዲዞ በሚባለው የማኮላሻ መሣሪያ ተኮላሽተው ሙክት ይሆናሉ፤ ሙክት ደግሞ ዋጋ ያወጣል። ቦንጋ ላይ ይህ ሥራ ማኅበራት እስከማቋቋምና ምርጥ አውራ ወደ ሌሎች አካባቢዎች እስከመሸጥ ደርሷል። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ቁልፉ ያቺ የተዘዋዋሪ ገንዘብ ክፍያ ነች፤ አውራ ማቆየት የአንድ ቤት ኪሳራ መሆኑን የምታስቀረው እርሷ ናት።

የአፋሩና የመንዙ ፕሮግራም ደጋንን ከታችና ከላይ ይዟታል። መሐል ላይ ያለችው ግን «ዝርያዋ ያልጠራ» ስለሆነች ብዙ ጊዜ ትዘለላለች። እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው። ሁለት ዝርያ የሚደባለቅበት ቦታ ልዩነት የሚበዛበት ቦታ ነው፤ ለሚመርጥ ሰው ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። የደጋን መካከለኛ ጆሮና መካከለኛ ላት ያለው በግ የሚያሳፍር አይደለም፤ በዚህ ሙቀትና በዚህ ሣር ላይ ኖሮ የተረፈው እሱ ነው። ስለዚህ «ወሎ ነው ወይስ አፋር?» የሚለውን ጥያቄ ለሸሁ ገዥ ትተን፣ «እናቱ ስንት ልጅ አሳደገች? በስድስት ወሩ ምን መዘነ? ክረምቱን እንዴት ወጣው?» ብንል ይሻላል።

ይህ ነገር አሁን የሚያስቸኩልበት ምክንያት አለ። ወሎ በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ድርቅ መንጋውን ያጣ አገር ነው። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት ደሴንና ኮምቦልቻን አዳርሶ ብዙ በረት ባዶ አድርጓል። ከእንዲህ ያለ ጊዜ በኋላ ድጋፍ ሰጪው ፈጥኖ በግ ገዝቶ ያድላል፤ ይህ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ከአንድ ነጋዴ፣ ከአንድ መንጋ፣ አንድ አውራ ጨምሮ የሚታደል በግ ለሚቀጥሉት ትውልዶች የሚተርፍ የሥጋ ዝምድና ይዞ ይመጣል። ለደጋ ቤት ከደጋ፣ ለቆላ ቤት ከቆላ፣ አውራዎቹን ደግሞ ከተለያየ መንደር መግዛት ወጪ አይጨምርም፤ የሚጠይቀው ከግዥው በፊት ባለሙያ መጠየቅን ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በመስከረም 2007 በስዊዘርላንድ ኢንተርላከን የ109 አገሮች ልዑካን የእንስሳት ዘረመል ሀብትን ለመጠበቅ የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ የድርጊት መርሐ ግብር ተቀብለዋል። በእኛም አገር የኢትዮጵያ ብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ጉዳዩን ይዞታል። ውሳኔው የሚፈጸመው ግን እንደ ደጋን ባለ ቀበሌ፣ የአረፋ ገበያ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አንድ አባወራ ጠቦቱን አይቶ በሚወስነው ነው። በየዓመቱ የምንሞላቸው የሪፖርት ቅጾች «የተሰራጨ ምርጥ ዘር በግ ብዛት» የሚል ረድፍ አላቸው። ከእሱ ሥር «ሳይሸጥ ለዘር የቆየ የአካባቢ አውራ ብዛት» የሚል አንድ ረድፍ ይጨመርና ከጎኑ ለባለቤቱ የተከፈለው ብር ይጻፍ። በጀቱ ከአንድ የውጭ አውራ መግዣ፣ ማጓጓዣና መመገቢያ ይወጣል፤ በዚያው ገንዘብ በአንድ ቀበሌ ውስጥ በርካታ አውራዎችን ዓመት ማቆየት ይቻላል። እኔ ለሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ የማቀርበው ይህንኑ ነው።